ጦር ወደ ሰው ሀገር ሲላክ የህዝብ ተወካዮች ለምን ይጠይቃሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ብርሃን ቡና ላይም፣ መንዝ ለዘመድ ስሄድም፣ ቴሌግራም ላይም ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ነው የሰበሰብኩት፣ ዓ.ም. ካልኩ በኛ አቆጣጠር ነው፣ እ.ኤ.አ. ካልኩ በፈረንጅ።

ወታደራዊ ጣልቃ ገብነት ማለት ምንድነው? ከሰላም ማስከበር ጋር ያው አይደለም?

አይደለም። ጣልቃ መግባት የሚባለው አንድ መንግስት ሰው ሀገር ውስጥ ወዳለ ግጭት ጦሩን ወይ አውሮፕላኑን ይዞ ሲገባ ነው፣ አንዱን ወገን ለማገዝም ይሁን ለመምታት። ሰላም ማስከበር ግን ባብዛኛው በተባበሩት መንግስታት ወይ በአፍሪካ ህብረት ውሳኔ፣ የሀገሩ መንግስት ተስማምቶ ነው የሚሄደው። በ2003 ዓ.ም. አብዬ (ሱዳንና ደቡብ ሱዳን የሚወዛገቡበት ቦታ) የሄዱት ልጆቻችን ለምሳሌ የተባበሩት መንግስታትን ሰማያዊ መለዮ አድርገው ነው የሄዱት።

ድንበሩ ግን ሁሌ ጥርት ያለ አይደለም። ሶማሊያ በ1999 የገባነው በራሳችን ውሳኔ ነበር፣ በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ጦራችን የአፍሪካ ህብረቱ ኃይል አካል ሆነ፣ ያው ሀገር ያው መሬት ነው ግን በህግ ፊት ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እኛ ሀገር ጦርነት የሚያውጀው ማነው፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወይስ ፓርላማው?

ፓርላማው ነው። ህገ መንግስቱ አንቀፅ 55 ንዑስ 9 ላይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ረቂቁን ያቀርባል፣ የህዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጦርነት አዋጅ ያውጃል ይላል። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በአንቀፅ 74 የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ነው፣ ማለትም ጦሩን ያዛል፣ ጦርነት ይሁን አይሁን የሚለውን ግን ብቻውን አይጨርሰውም። በዛ ላይ አንቀፅ 86 የውጭ ግንኙነታችን በሌሎች ሀገሮች የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ ባለመግባት ላይ የቆመ ነው ስለሚል ጣልቃ እንግባ ብሎ የሚመጣው ወገን ነው የማስረዳት ሸክም ያለበት ብዬ ነው የማስበው።

ሰው ብዙ የማያውቃቸው ሁለት ንዑሶች ደግሞ አሉ። 55/17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንም ሌላውን ባለስልጣንም ጠርቶ የመጠየቅና አሰራራቸውን የመመርመር ስልጣን ይሰጠዋል፣ 55/18 ደግሞ ከአባላቱ አንድ ሶስተኛው ከጠየቁ ለአስፈፃሚው የተሰጠ ማንኛውም ስልጣን ላይ ተወያይቶ እርምጃ መውሰድ እንዲችል ያደርገዋል። ስለዚህ የሚጠይቅ ተወካይ ውለታ እየዋለልን ወይ እያመፀ አይደለም፣ ስራውን እየሰራ ነው።

የህዝብ ተወካይ ስለ ውትድርና ምን ያውቃል? ለጄነራሎቹ ቢተውስ?

ጄነራሉ የሚያውቀው እንዴት እንደሚዋጋ ነው፣ ያንን ማንም አይነካበትም። ይሄንን ጦርነት መግባት አለብን ወይ የሚለው ግን የወታደር ጥያቄ አይደለም፣ የሀገር ጥያቄ ነው፣ ህገ መንግስታችንም የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል ይሁን ያለው ለዚህ ነው (አንቀፅ 87)። ኮረብታውን መያዝ ይቻላል አይቻልም ብሎ የሚመልስልህ መኮንን፣ ኮረብታው የመንዝ ገበሬ ልጅ የሚሞትለት ነገር ነው ወይ ብሎ አይመልስልህም፣ እሱን መመለስ ያለበት ገበሬው የመረጠው ሰው ነው።

ምን ምን ነው ግን የሚጠይቁት?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው።

ጣርማበር አካባቢ የምናውቃቸው አንዲት እናት ነበሩ፣ ስማቸውን አልጠራም። ልጃቸው በ1999 ሶማሊያ ዘመተ። ያኔ ሞባይል እንዳሁኑ በየቤቱ አልነበረም፣ ልጁ ሲመቸው እሁድ ባለሱቁ ስልክ ላይ ነበር የሚደውለው፣ እሳቸውም እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ሱቁ ደጃፍ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ባለሱቁን ቀና ብለው ያዩታል፣ ለሌላ ሰው ከሆነ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሳቸውም መልሰው መሬት ያያሉ። እኔም ሳሙና ልገዛ ሄጄ አይቻቸዋለሁ። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር፣ «ለምንድነው የሄደው?» እና «መቼ ነው የሚመለሰው?»። ቀበሌም ጠየቁ፣ የሚያውቅ የለም።

እና ፓርላማ ውስጥ የሚጠየቀው ከዚህ የተለየ አይደለም። ለምንድነው የሚሄደው ማለት አላማው ምንድነው፣ ስጋት አለ ከተባለ ማስረጃው የት አለ፣ በዓለም አቀፍ ህግ መሰረቱ ምንድነው፣ ሌላ መንገድ ተሞክሯል ወይ ማለት ነው። መቼ ነው የሚመለሰው ማለት ደግሞ ምን ሲሆን ነው አሸነፍን የምንለው፣ ካሸነፍን በኋላ እዛ ሀገር ማን ያስተዳድራል፣ ስንት ብር ይፈጃል፣ ነገሩ ከተበላሸ እንዴት እንወጣለን ማለት ነው። የመጀመሪያው ላይ መንግስታት ብዙ ጊዜ ረዘም ያለ መልስ ይዘው ይመጣሉ፣ ሁለተኛው ላይ ነው የሚንተባተቡት፣ ስለዚህ ጥሩ ተወካይ ሁለተኛውን አይለቅም።

ጠይቀው ያስቀሩት ጣልቃ ገብነት አለ ወይ?

አለ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2013 ሶሪያ ውስጥ ደማስቆ አጠገብ ጉታ ላይ የኬሚካል ጥቃት ደረሰና አሜሪካና እንግሊዝ የአሳድን መንግስት ሊመቱ ተዘጋጁ። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ነሐሴ 29 ፓርላማውን ከእረፍት ጠርቶ ድጋፍ ጠየቀ፣ 272 ደገፉ 285 ተቃወሙ፣ በ13 ድምፅ ወደቀ። ከተቃወሙት ውስጥ የራሱ ፓርቲ ሰዎች ነበሩበት። ብዙዎቹ ያነሱት የኢራቅን ነገር ነው፣ ያኔም ማስረጃ አለ ተብለን ነበር፣ ከመታን በኋላስ ምን ይሆናል ነው ያሉት። ካሜሮን እዛው ማታውኑ ውሳኔውን እቀበላለሁ አለ። ከሁለት ቀን በኋላ ኦባማም ኮንግረሱን እጠይቃለሁ አለ፣ ኮንግረሱ ድምፅ ሳይሰጥበት ሩሲያ በመሀል ገብታ ሶሪያ የኬሚካል መሳሪያዋን እንድታስረክብ ስምምነት ተደረሰ።

እውነቱን ለመናገር ይሄ የሶሪያን ህዝብ አላዳነም። ጦርነቱ ቀጠለ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ካን ሼኩን ላይም እንደገና የኬሚካል ጥቃት ደረሰ፣ ያኔ በመታን ኖሮ የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉና ክርክራቸው ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ተወካዮቹ ግን ያስቀሩት መልስ ያልተሰጠበትን ዘመቻ ነው።

ሁለተኛው ለኛ የሚቀርበው የፓኪስታን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ሳዑዲ አረቢያ የመን ላይ ዘመቻ ስትጀምር ፓኪስታንን አውሮፕላን፣ መርከብና ወታደር ላኩልኝ አለቻት። ብዙ ፓኪስታናዊ ሳዑዲ ነው የሚሰራው፣ ገንዘብም ከዛ ይመጣል፣ እንቢ ማለት ቀላል አልነበረም (እኛም ስንት እህት አለን እዛ፣ ስለዚህ ይገባናል)። ፓርላማው ለቀናት ተከራክሮ ሚያዝያ 10 በሙሉ ድምፅ ገለልተኛ እንሁን አለ፣ ጦር አልተላከም።

ጠይቀው ያልተሰሙስ?

ብዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 አሜሪካ ቶንኪን ባህረ ሰላጤ ላይ መርከቦቼ ተጠቁ ብላ ፕሬዚዳንት ጆንሰን ቬትናም ላይ ኃይል እንዲጠቀም ስልጣን ሲሰጠው በታችኛው ምክር ቤት 416 ለ 0፣ በሴኔት 88 ለ 2 ነው ያለፈው። ሁለቱ ዌይን ሞርስና ኧርነስት ግሩኒንግ ነበሩ፣ ሁለቱም በ1968 ወንበራቸውን አጡ። ሁለተኛው ጥቃት የተባለው እንዳልተፈፀመ በኋላ ታወቀ፣ ከ58 ሺህ በላይ የአሜሪካ ወታደርና ቁጥሩ ከዛ እጅግ የሚበልጥ ቬትናማዊ ካለቀ በኋላ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 14 ቀን 2001 ደግሞ፣ ኒው ዮርክ ከተጠቃች ከሶስት ቀን በኋላ፣ ፕሬዚዳንቱ ኃይል እንዲጠቀም የሚፈቅድ ወረቀት ሲቀርብ ባርባራ ሊ የምትባል የአሜሪካ ተወካይ ብቻዋን ቆማ ተቃወመች፣ 420 ለ 1። የምትለው ይሄ ወረቀት ወሰን የለውም ነበር። በዛው ወረቀት ነው አሜሪካ ከዛ በኋላ በብዙ ሀገር ሶማሊያን ጨምሮ የመታችው። እንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ2003 ኢራቅን ስትወጋ 412 ደግፈው 149 ተቃውመዋል፣ ሮቢን ኩክ ከካቢኔው በድምፁ ዋዜማ ነው የለቀቀው፣ በስልጣን ተቀምጦ ዝም ማለት ይችል ነበር፣ አላደረገውም።

የኛ ፓርላማስ ስለ ሶማሊያ ጠይቆ ያውቃል?

ጠይቋል። ህዳር 21 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ህዳር ፅዮን ማርያም ነበር ቀኑ፣ ያኔ ሞቃዲሾን ይዞ የነበረው የሶማሊያ እስላማዊ ፍርድ ቤቶች ህብረት ለሀገራችን ግልፅ አደጋ ነው ብሎ፣ መንግስት አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ የሚፈቅድ ውሳኔ ምክር ቤቱ አፀደቀ። የመንግስት መከራከሪያ ባይደዋ ያለው የሽግግር መንግስት ጠርቶናል፣ ኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ ታውጇል፣ ኤርትራም ከኋላ አለች የሚል ነበር፣ ከባዶ ሜዳ የመጣ ክርክር አልነበረም። በ1997ቱ ምርጫ የገቡት ተቃዋሚዎች ግን ጥያቄ አነሱ፣ ሌላ መንገድ አለቀ ወይ፣ ረግረግ ውስጥ አንገባም ወይ አሉ። በድምፅ ተሸነፉ። በታህሳስ አጋማሽ ጦርነቱ በይፋ ተነገረ፣ በቀናት ውስጥ ጦራችን ሞቃዲሾ ገባ።

መግባቱ ፈጠነ፣ መውጣቱ ሁለት አመት ፈጀ፣ ጥር 2001 ነው ተጠቃሎ የወጣው። የፍርድ ቤቶቹ ህብረት ቢበተንም ከውስጡ የነበረው አልሸባብ በነዚያ ሁለት አመታት ገነነ። ስንት ልጅ እንደሞተብን በቁጥር ለህዝብ አልተነገረም፣ ለኔ ትልቁ ቁስል ይሄ ነው፣ የተቃወመውም የደገፈውም ተወካይ እኩል ማወቅ ነበረበት። የጣርማበሯ እናት ልጅ ተመልሷል፣ ተመስገን፣ አብረውት ከሄዱት ያልተመለሱ አሉ።

ኮሪያ ስንዘምትስ ማን ጠየቀ?

ማንም። በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ ሲሄድ የዘመቱት ከ6 ሺህ በላይ ናቸው በየዙሩ፣ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ አንድም አልተማረከም፣ ይሄ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ውሳኔው ግን የንጉሰ ነገስቱ ነበር፣ ያኔ ፓርላማ የተባለው በህዝብ የተመረጠ አልነበረም፣ ህዝብ የመረጠው ፓርላማ የመጣው በ1948ቱ ህገ መንግስት ነው።

ጥያቄ ማብዛት የወታደሩን ሞራል አይገድልም? ክህደት አይደለም?

ይሄንን የሚጠይቁኝ ብዙ ጊዜ ልጃቸው ወይ ወንድማቸው ካምፕ ያለ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ በቁም ነገር ነው የምመልሰው። እኔ ያገኘኋቸው የዘመቱ ልጆች ስለዛ ሲያማርሩ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ የሚለው «ለምን እንደሄድን በደንብ የነገረን የለም» ነው፣ ሌላው የሚለው «ተረሳን» ነው። ሁለቱም የሚመጡት ማንም ሳይጠይቅላቸው ሲቀር ነው። ጥያቄው ወታደሩ ላይ አይደለም የሚነሳው፣ ላኪው ላይ ነው። ልጁ ትእዛዝ ተቀብሎ ይሄዳል፣ እንቢ ማለት አይችልም፣ ስለዚህ በሱ ፋንታ መጠየቅ የሚችል ሰው አንድ ቦታ መኖር አለበት፣ ያ ቦታ ምክር ቤቱ ነው። ህጉም ለዚህ ሽፋን ሰጥቷል፣ አንቀፅ 54 አንድ አባል ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይ አስተያየት አይከሰስም ይላል።

ጦርነት ምን እንደሆነ ደግሞ ለሰሜን ሸዋ ሰው ማንም አይነግረውም። በህዳር 2014 ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ድረስ ሲመጣ ፍራሽ ተሸክሞ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን የወጣውን ህዝብ በአይናችን አይተናል። እዚህ ስለ ሀገር ውስጥ አልፅፍም፣ ግን ያንን ያየ ሰው የሰው ሀገር ላይ ይሄው ሲታሰብ ዝም ብሎ እጅ ያወጣል ብዬ አላምንም።

መረጃው ሚስጥር ነው ከተባለ እንዴት ይጠየቃል?

በዝግ ስብሰባ። የጦር እቅድ በቴሌቪዥን ይነገር የሚል የለም፣ ጉዳዩ የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ግን በር ዘግቶ መስማት ይችላል። ሚስጥር ነው ተብሎ ሳይመረመር ያለፈ ነገር ምን እንደሚያመጣ የኢራቅን አይቶ መፍረድ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በጆን ቺልኮት የተመራው ምርመራ 7 አመት ፈጅቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ የሰላም አማራጮች ሳያልቁ ነው የተገባው፣ የጅምላ ጨራሽ መሳሪያው መረጃም ከሚገባው በላይ እርግጠኛ ተደርጎ ነው የቀረበው አለ። 179 የእንግሊዝ ወታደር ከሞተ በኋላ ማለት ነው፣ ኢራቃዊውማ በየትኛው ቁጥር ይነገራል።

«ጦርነት አይደለም፣ ኦፕሬሽን ነው» ከተባለስ? ፓርላማው ምን አገባው?

ተንኮሉ እዚህ ጋ ነው ያለው። አሜሪካ በህጉ መሰረት ጦርነት አውጃ የማታውቅበት ጊዜ ከ1942 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያለው በሙሉ ነው፣ ኮሪያ፣ ቬትናም፣ ኢራቅ፣ አንዱም አልታወጀም። ኮንግረሱ በዚህ ተናዶ በ1973 ህግ አወጣ፣ ፕሬዚዳንቱ ጦር ካሰማራ በ48 ሰዓት ያሳውቅ፣ ፈቃድ ካላገኘ በ60 ቀን ያቁም፣ ለመውጫ 30 ቀን ይጨመርለት የሚል። በ2011 ሊቢያ ላይ 60 ቀኑ ሲያልፍ የኦባማ አስተዳደር ይሄ ህጉ የሚለው አይነት ውጊያ አይደለም ብሎ ቀጠለ። ጀርመን የተሻለ ነው፣ የህገ መንግስት ፍርድ ቤቷ በ1994 የታጠቀ ጦር ወደ ውጭ ሲላክ የፓርላማው ፈቃድ ግድ ነው ብሎ ስለወሰነ ስያሜ ቀይሮ ማምለጥ ከባድ ነው።

የኛ አንቀፅ 55 «የጦርነት አዋጅ» ነው የሚለው፣ ጦር መላክ ብሎ ለይቶ አያወራም። ስለዚህ ተወካዩ በ55/17 ጠርቶ መጠየቁን መያዝ አለበት፣ ስሙ ምንም ይሁን ምን።

አንዴ ፀድቆ ጦሩ ከሄደ በኋላ መጠየቅ ምን ዋጋ አለው?

አለው፣ እንደውም ያኔ ነው የሚረሳው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2011 ሊቢያን ለመምታት 557 ለ 13 ነው ያፀደቀችው፣ ቤንጋዚ ያለውን ሰው እናድን ተብሎ። ከዛ አላማው ቀስ እያለ ጋዳፊን ወደ መጣል ዞረ፣ ሊቢያም ፈረሰች። የራሱ የፓርላማው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ በ2016 ዞሮ መርምሮ መረጃው ትክክለኛ አልነበረም፣ ከዛ በኋላ ምን ይደረጋል የሚል እቅድም አልነበረም አለ። በሊቢያ በኩል ሲሻገሩ ያለቁ የሀገራችን ልጆች ስላሉ ይሄ የሩቅ ወሬ አይደለም። በየስድስት ወሩ ወይ በየአመቱ ፈቃዱ የሚታደስ ቢሆን አላማው ሲቀየር ቢያንስ አንድ ሰው ይይዘው ነበር።

የመረጥነው ሰው ለበዓል ሲመጣ ምን ብለን እንጠይቀው?

ጦር ወደ ውጭ ሲላክ ምን ብለህ ጠየቅክ፣ ምን መለሱልህ በሉት። የፓርቲው መስመር ነው ካላችሁ አንቀፅ 54ን አንብቡለት፣ ተወካይ የሚገዛው ለህገ መንግስቱ፣ ለህዝቡና ለህሊናው ነው ይላል፣ መራጩ አመኔታ ካጣበት ሊያነሳው እንደሚችልም እዛው ላይ አለ።

በ28 ፋሺስት ሲመጣብን ዓለም ዝም በማለቱ አይደል ያለቅነው? ታዲያ ጣልቃ መግባትን የሚያዘገይ ተወካይ እንዴት ይደገፋል?

ከሁሉም ከባዱ ይሄ ነው፣ መንዝ የተወለደ ሰው ደግሞ ሊሸሸው አይችልም። ዘረት የሚባል ቦታ አለ። በሚያዝያ 1931 ጣሊያኖች ዋሻ ውስጥ የተጠለለውን የአርበኛ ወገን፣ ሴቱን ህፃኑን ቁስለኛውን ከበው በመርዝ ጋዝ ፈጁት፣ ከወጡት ብዙዎቹን በመትረየስ ረሸኑ። ልጅ ሆኜ አባቴ ከማዶ በጣቱ አሳየኝና ባርኔጣውን አወለቀ፣ ብዙ አላወራም። ስለዚህ የጉታ ወሬ በ2005 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ሲሰማ እኔ ካሜሮንን ደጋፊ ነበርኩ፣ ቢመታ ደስ ይለኝ ነበር፣ ሀሳቤን ለመቀየር ጊዜ ወስዶብኛል።

የቀየረኝ የራሳችን ታሪክ ነው። በህዳር 1928 ማለቂያ ላይ የእንግሊዙ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሙኤል ሆርና የፈረንሳዩ ፒየር ላቫል ተደብቀው ከኢትዮጵያ ብዙውን ቆርሰው ለሙሶሊኒ ሊሰጡ ተስማሙ። ነገሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፣ የእንግሊዝ ህዝብና የፓርላማ አባላቱ ተነሱ፣ ይሄ ምን ማለት ነው ብለው አፋጠጡ፣ ሆር በቀናት ውስጥ ስልጣኑን ለቀቀ፣ ስምምነቱም ቀረ። ያኔ የጠየቁት ሰዎች የኛ ወገን ነበሩ። እና መጠየቅ ሁሌ አትሂዱ ማለት አይደለም፣ ቃል የገባችሁትን ለምን አትፈፅሙም ማለትም ነው። የጎደለው ከዛ በላይ መግፋት ነበር። የመንግስታቱ ማህበር ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን አልነካም፣ ነዳጁ ይዘጋ የሚል ድምፅ እዛው ፓርላማ ውስጥ ተነስቶ ነበር፣ መንግስታቱ አላደረጉትም። ጃንሆይ ሰኔ 23 ቀን 1928 ጄኔቭ ቆመው ሲናገሩ ነገሩ አልቆ ነበር።

አባቴ ዘረትን ያሳየኝ ቀን ሲመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለኝ፣ «ይሄ ሁሉ መርዝ በየት በር ገባ?» አለ፣ ለራሱ ነበር የሚመስለው። ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ከጣሊያን በመርከብ ተጭኖ በስዊዝ ነው የመጣው፣ ካናሉ ሲጠበቅ የነበረው በእንግሊዝ ወታደር ነው፣ አልተዘጋም።